ተኝቶ ለሚታከም ሰው መርዶ ሲመጣ፦ ለነርሶች ዝርዝር መመሪያ

አልጋ ይዞ የሚታከም ሰው ቤቱ ሰው ይሞትበታል። እናቱ፣ ባሏ፣ ልጃቸው። ቤተሰብ ይደብቃል። ነርሷ ኮሪደር ላይ ትሰማለች፤ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ግን የነገራት የለም። ከዚያ ወሬው በጎረቤት አፍ ያመልጣል። ካኑላ (በደም ሥር የገባ የመድኃኒት ቱቦ) ይነቀላል፣ ስፌት ይለቃል፣ ዋርዱ ይታመሳል።

እኔም በዚህ ወድቄያለሁ። አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ነበሩ። ወንድማቸው መሞቱን ከልጃቸው ሰማሁና ዝም አልኩ። ለማንም አላሳወቅኩም። በምሳ ሰዓት መጠየቂያ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። እማማ ፊቷን አላዩም፤ ያዩት ጥለቱን ነው። "ማንን ነው?" አሉ። ለቅሶው እዚያው ተጀመረ። የቀትሩን ኢንሱሊን የወጋኋቸው ከሩብ ሰዓት በፊት ነበር። ምሳው ሳይነካ ቀረ። ሁላችንም እንባቸውን ስናይ ስኳራቸውን ያየ አልነበረም። ላብ አጠመቃቸው፣ ንግግራቸው ተወላገደ። "ሐዘኑ ነው" አልን። ሲለካ 48 ነበር፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው።

እማማ ተረፉ። ርኅራኄ ማለት አብሮ ማልቀስ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ግን በዚያ ቀን ቀረ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 1፦ ወሬው ጆሯችሁ እንደገባ

የመጀመሪያው ሥራ ወሬውን ማጠር ነው። በዚያው ሰዓት እነዚህን አድርጉ።

1. የነገራችሁን ዘመድ ከአልጋው አርቃችሁ አነጋግሩ። ማን ሞተ? መቼ? ቀብሩ መቼ ነው? ለታማሚው ምኑ ነው?
2. ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ተጠሪ ይሁን። ስልኩን ያዙ። ከዚህ በኋላ የምትነጋገሩት ከእሱ ጋር ነው።
3. ለዋርዱ ኃላፊና ለሐኪሙ ተናገሩ። ለሚቀጥለው ተረኛ በቃልም በጽሑፍም አስተላልፉ። አልጋው እግር ሥር በሚንጠለጠል ቻርት ላይ ግን አትጻፉ፤ ታማሚውም አስታማሚውም ያነቡታል።
4. ተጠሪው ለጠያቂዎች እንዲነግር አድርጉ፦ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ወይም ዓይን አቅልቶ የሚገባ እንዳይኖር።
5. ስለ ስልኩም ተነጋገሩ። ዛሬ መርዶ ከሰው ቀድሞ በፌስቡክና በቴሌግራም ይደርሳል። ስልኩን ደብቃችሁ አትውሰዱ፤ የሰውየው ንብረት ነው። ይልቅ ቤተሰቡ ፎቶና "ነፍስ ይማር" ከመለጠፍ እንዲቆጠብ ለምኑ።

*ካመለጠ፦* ታማሚው አንድ ነገር ጠርጥሮ "ምን ሆናችሁ?" ካለ፣ አጥሩ ፈርሷል ማለት ነው። ለመጠገን አትሞክሩ። ሐኪሙን ጠርታችሁ ወደ ደረጃ 4 እለፉ። ጥርጣሬ ውስጥ የሚያድር ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚታመመው።

ደረጃ 2፦ ዛሬ ይነገር ወይስ ይቆይ?

ይህን ብቻችሁን አትወስኑ። ሐኪሙ፣ ተጠሪውና እናንተ ሆናችሁ ተነጋገሩ። እናንተ ይዛችሁ የምትሄዱት መረጃ ይህ ነው፦ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ ስኳር፣ የሕመም ስሜት፣ ትናንት ተኝቶ እንደሆነ፣ በልቶ እንደሆነ።

ማቆየት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከኦፕራሲዮን ገና የወጣ፣ የደረት ሕመሙ ያልረጋ፣ በኦክስጅን እየታገለ ያለ፣ ከትኩሳት የተነሳ የሚቃዥ ሰው ይቆይለት። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን የሚገባም ሰው አለ። እዚህ ላይ ሐኪሙንና ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ማቆየት ቀን ይቆረጥለታል። "እስኪሻለው" የሚባል ቀን የለም። "ሐሙስ ጠዋት እንደገና እናየዋለን" በሉ። ቀን ያልተቆረጠለት መርዶ እስከ አርባው ይጎተታል። ከዚያ ሰውየው ወጥቶ የእናቱን መቃብር ሣር በቅሎበት ያገኘዋል። እርሙን ሳያወጣ የቀረ ሰው ቤተሰቡን ይቅር ለማለት ይቸግረዋል። እናንተንም ጭምር።

ደረጃ 3፦ ቤተሰቡ "በጭራሽ አይነገር" ሲል

ይሄ ዋናው መሰናክል ነው። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። "መርዶው ይገድላታል" ብሎ ፈርቶ ነው። ሕግ አትጥቀሱባቸው፤ ፍርሃታቸውን ጠይቁ።

"ምን ይሆናሉ ብላችሁ ነው የፈራችሁት?" በሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ነገር ነው፦ ግፊታቸው ይነሳል፣ ራሳቸውን ይስታሉ፣ መድኃኒት አልወስድም ይላሉ። ለእያንዳንዱ ያዘጋጃችሁትን ንገሯቸው። "ሐኪም አጠገባቸው ይሆናል፣ ግፊታቸውን እየለካን ነው የምንቆየው። ከጎረቤት ቢሰሙት ግን ይሄ ሁሉ የለም።" ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ከፍታልኛለች።

እስከዚያው ታማሚው ፊት ለፊት ቢጠይቃችሁስ? አትዋሹ። "ደህና ናቸው፣ ትናንት ስልክ ደውለው ነበር" የምትል ነርስ ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒቱም ብትናገር አትታመንም። እንዲህ በሉ፦ "ይህን ከቤተሰብዎ ጋር ብንነጋገር ይሻላል። ልጅዎን አሁኑኑ እጠራዋለሁ።" ብላችሁም ጥሩት። ሳትጠሩ ከጠፋችሁ ያው ውሸት ነው።

ደረጃ 4፦ ዝግጅት

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። የሚበላሸው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው።

*ሰዓቱ።* በልማዳችን መርዶ የሚነገረው ሳይነጋጋ፣ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ ነው። በሆስፒታል ግን ይህ ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው። አንዲት የሌሊት ተረኛ ብቻዋን ናት፣ ሐኪሙ ሌላ ክፍል ነው፣ ሌሎቹ ታማሚዎች ተኝተዋል። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ለምኑ፦ "የጠዋት ርክክብ ካለቀ በኋላ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ያኔ ሁላችንም አለን።" አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። አይሆንም ካሉ ተጨማሪ ሰው አስቀድማችሁ አስመድቡ። ማታና ሌሊት ግን አይነገር፤ ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ያድራል።

*ሰዎቹ።* ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። የሚያከብረው አንድ ሽማግሌ፣ የሚወደው አንድ ሰው፣ ጠንከር ያለ አንድ ዘመድ። ራሳቸው ከሁሉ በላይ የሚያለቅሱት ውጭ ይቆዩ፤ ቆይተው ይገባሉ። ቄስ፣ ሼህ ወይም ፓስተር ይምጣ አይምጣ ቤተሰቡን ጠይቁ። ከስም ተነስታችሁ ሃይማኖት አትገምቱ።

*ቦታው።* የተለየ ክፍል ካለ ውሰዱት። የዋርድ ኃላፊዋ ቢሮም ይሆናል። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ የግድ ከሆነ መጋረጃ ጋርዱ፣ ለጎረቤት ታማሚዎችም "ትንሽ ቆይቶ ለቅሶ ሊኖር ይችላል" ብላችሁ ሹክ በሉ። በተለይ የልብ ታማሚ ካለ።

*አልጋውና አካባቢው።* እነዚህን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፦

- አልጋውን ዝቅ አድርጉ። በአንድ በኩል ያለውን መከላከያ ወደ ላይ ከፍ አድርጉ።
- ፔርሙዝ፣ ብርጭቆ፣ ቢላዋ፣ ሰሃን ከኮመዲኖው ላይ አንሱ።
- ሐኪሙ ከፈቀደ ድሪፑን ለጊዜው ንቀሉና ካኑላውን ዘግታችሁ በፕላስተርና በፋሻ አጠናክሩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እጁ ላይ ምን እንዳለ አያስታውስም።
- የሽንት ቱቦ ወይም የቁስል ማፍሰሻ ቱቦ ካለ ከአልጋው ብረት ጋር እንዳይያዝ አስተካክሉ።
- ሆዱ ወይም ደረቱ የተሰፋ ከሆነ ትራስ አዘጋጁ።
- የሕመም ማስታገሻ ሰዓቱ ከደረሰ አስቀድማችሁ ስጡ።
- የስኳር ታማሚ ከሆነ ስኳሩን ለኩ። ኢንሱሊኑ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ ሐኪሙን ጠይቁ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ "ይበላል" ብላችሁም ቀድማችሁ አትውጉ።
- ኦክስጅን ያለበት ክፍል ውስጥ ጧፍ፣ ዕጣንና ክብሪት እንዳይገባ ለቤተሰቡ ተናገሩ።
- ወንበር አምጡ። ለእናንተም።

ደረጃ 5፦ ሲነገር

ብዙዎቻችን "ስፓይክስ" የሚባለውን ስድስት ደረጃ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ሐኪም ለካንሰር ታማሚ ክፉ ዜና ሲነግር እንዲጠቀምበት ነው። ጠቃሚ ነው። መርዶ ግን በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ነው፤ ተናጋሪው ሽማግሌው ነው። እናንተ አጠገብ ናችሁ።

1. ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌውን ለብቻ አነጋግሩ። ግልጽ ቃል እንዲጠቀሙ ለምኗቸው፦ "እናትህ አርፈዋል።" "ደክመዋል"፣ "ትንሽ ብሶባቸዋል" የሚል ዙሪያ ጥምጥም ታማሚውን "የት ሆስፒታል ናቸው?" ያሰኘዋል። ከዚያ ሁለተኛ መርዶ ይሆናል።
2. እናንተ ከአልጋው ራስጌ በኩል ቁሙ፣ ካኑላው ባለበት ክንድ በኩል።
3. ቃሉ ከወጣ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታውን በማጽናኛ አትሙሉት።
4. ሰዓት ተመልከቱ። የተነገረበትን ሰዓት ትጽፉታላችሁ።

*ቤተሰብ ከሌለ፦* ከገጠር ብቻውን ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሰው መርዶ በስልክ ይደርሰዋል። ተናጋሪዎቹ እናንተና ሐኪሙ ትሆናላችሁ። ቁጭ በሉ። "ከባድ ነገር ልነግርዎት ነው" ብላችሁ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ከዚያ በኋላ ከዘመዱ ጋር በስልክ አገናኙት። የዋርዱ ሌሎች አስታማሚዎች እንደሚሰበሰቡለት አትጠራጠሩ። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ማንነቱን የማያውቁት ሴቶች ከበው ያለቅሱለታል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ለቅሶ አደጋ አይደለም። ጩኸትም አይደለም። አደጋው ከለቅሶው ጋር የሚመጣው ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ እንባው ላይ ብቻ አይሁን።

*ደረት ሲደቃ፣ ፊት ሲነጭ፦* እጅ አትጠምዝዙ። በእጁና በደረቱ መካከል ትራስ አግቡ። የተሰፋ ሆድ ካለ ትራሱን ቁስሉ ላይ አቅፎ እንዲይዘው አድርጉ። እጁን በሁለት እጃችሁ ያዙና አብራችሁ ተወዛወዙ፤ መታገል ከጀመራችሁ ጉልበቱ ይጨምራል።

*መሬት ልውደቅ ሲል፦* ፍራሽ አውርዱና መሬት ላይ አስቀምጡት። አልጋ ላይ ጨፍልቆ ከመያዝ ይሻላል። የተሰበረ አጥንት ላለበት ግን ይህ አይሆንም፤ ጠንካራው ዘመድ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

*ራሱን ሲስት፦* በጀርባው አስተኙት። ጥሩት፣ መተንፈሱን እዩ። ከተነፈሰ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ሰዉን አርቁ፣ ግፊትና ስኳር ለኩ። ዘመድ ውኃ ሊያጠጣ ይሯሯጣል፤ ላልነቃ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ካልተነፈሰ እርዳታ ጥሩ፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ። በአንድ ደቂቃ ካልነቃም ሐኪም ጥሩ። "ሐዘኑ ነው" አትበሉ።

*ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተወላገደ ንግግር፦* ስኳር ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ስጡ። ካልቻለ በዋርዳችሁ አሠራር መሠረት 40% ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ።

*ደረቴን ወጋኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ሲል፦* ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ምርመራ) ይነሳለት። ከሐዘን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት በልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የመያዝ ዕድል በእርግጥ ይጨምራል፤ ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ቀን። በተጨማሪም በ1990 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተገለጸ "ታኮትሱቦ" የሚባል ሕመም አለ። ከድንገተኛ ድንጋጤ ወይም ሐዘን በኋላ የልብ ጡንቻ ለጊዜው ይደክማል፤ ምልክቱ ከልብ ጥቃት ጋር ይመሳሰላል። በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ገፋ ባለ ሴቶች ላይ ነው። "ልቧ ተሰበረ" የምንለው አንዳንዴ በኢሲጂ ይታያል።

*"ሲስተር፣ የሚያስተኛ መርፌ ውጊያት!" ሲሉ፦* ይህ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም። ዲያዜፓም ለተራ ለቅሶ መድኃኒት አይደለም። ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፣ አዛውንትን ያደናግራል፣ ሰውየውም ሲነቃ መርዶው አዲስ ሆኖ ይጠብቀዋል። "ያልቅሱ፣ እርማቸውን ያውጡ። እኔ አጠገባቸው ነኝ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪሙ ያዝዛል" በሉ። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ ሐኪሙ ይወስን።

*ምንም ሳያለቅስ ቢቀርስ?* አታስለቅሱት። ግድግዳ እያየ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ "ምሳ ደረሰ?" የሚልም አለ። ከሁሉ ይልቅ እሱን ብቻውን አትተዉት።

ደረጃ 7፦ የምትሉትና የማትሉት

"አይዞዎት" ይባላል። "አያልቅሱ" ግን አይባልም። "የእርስዎ ይሻላል፣ የእገሌ እናት ሦስት ልጅ ቀብራ…" አይባልም። "ዕድሜ ጠግበዋል" የሚለው ለዘጠና ዓመት እናትም ቢሆን ከእናንተ አፍ አይውጣ፤ ልጃቸው ራሱ ሲለው ነው የሚያምረው።

ቃል ከየቤቱ ይለያል። "ነፍስ ይማር" ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደንበኛ ማጽናኛ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ "አላህ ይዘንላቸው" በሉ። ፕሮቴስታንት ቤት ለሟች ነፍስ አይጸለይምና "ጌታ ያጽናናችሁ" ይስማማል። ካላወቃችሁ ዝም ብላችሁ እጅ ያዙ።

እኔ ብዙ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ "ስማቸው ማን ነበር?" አንድ አባት ይህን ስጠይቃቸው የባለቤታቸውን ስም ነገሩኝና "ቡናዋ ላይ ጨው ትጨምር ነበር" አሉ። መድኃኒቱን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብለው ነበር። ይህን ብለው ሲጨርሱ ኪኒኑን ከእጄ ወሰዱ።

ደረጃ 8፦ ቀብሩ

ቶሎ ጠይቁ፤ ጊዜ የለም። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብር አይዘገይም፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው። በክርስቲያኑም ቤት ከነገ የሚያልፈው ዘመድ ከሩቅ ሲጠበቅ ነው።

መሄድ ከቻለ ሐኪሙ የሰዓታት ፈቃድ ይጻፍለት። ዊልቸር፣ መድኃኒቱን፣ ውኃና አብሮት የሚሄድ ሰው አዘጋጁ። የመመለሻ ሰዓቱንና የዋርዱን ስልክ በወረቀት ለተጠሪው ስጡ። ሲመለስ ወዲያው ለኩት፤ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ አልበላም።

መሄድ ካልቻለ ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ ይይ። ይህን የሚቃወም ዘመድ አለ፤ ታማሚውን ጠይቁ፣ የዘመዱን ፍርሃት ሳይሆን የእሱን ፍላጎት ተከተሉ።

ለቅሶ ደራሽ ወደ ዋርድ ሲጎርፍ ተጠሪው በር ላይ ይቁም። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ። ንፍሮውን አትመልሱባቸው። ኩላሊቱን ለታመመ ወይም ጨው ለተከለከለ ሰው ግን መብላት አለመብላቱን እናንተ ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ሰው ሲበተን

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጠያቂው ይቀንሳል። ከባዱ ሌሊት የሚጀምረው ያኔ ነው። በየሺፍቱ እነዚህን አስተላልፉ፦ ስንት ጉርሻ በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ የትኛውን መድኃኒት ተወ፣ ማን አብሮት አደረ። "ሐዘን ላይ ነው" ብቻ ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይነግረውም።

"ከእሷ በኋላ ምን እሠራለሁ፣ ወደ እሷ ልሂድ" ሲል ሰምታችሁ አትለፉ። የሐዘን አነጋገር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በቀጥታ ጠይቁ፦ "ራስዎን ለመግደል አስበው ያውቃሉ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ ስለት ያለው ነገርና መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሳ፣ ሐኪምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይጠሩ።

ሌላውን ሐዘን ግን ወደ በሽታ አትቀይሩት። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ እንኳ የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ 6 ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ የየአካባቢውን ልማድም አይቶ። በአሥረኛው ቀን የሚያለቅስ ሰው ጤነኛ ነው።

ደረጃ 10፦ የመውጫው ቀን

የሚገባው ሟቹ ወደሌለበት ቤት ነው። "መድኃኒትዎን ማን ያስታውስዎት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ የሞተው ሰው ስም ነው። በቦታው ማን እንደሚተካ ስሙን ተቀበሉና የአወሳሰዱን ነገር ለእሱም አስረዱት።

የቀጠሮ ካርዱን ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ አርባው መቼ እንደሚውል ጠይቁ። በዚያ ሳምንት ከጻፋችሁት አይመጡም። ሳምንት ቀደም አድርጉት፤ ድግሱ ከመጀመሩ በፊት ግፊታቸውን ታዩታላችሁ።